ወንድ ብቻ የሚነድፍ ጊንጥ

«ይዛችሁት መጣችሁ?» አለች ዶክተር ኳሚና፣ ከጃግሩፕ አልጋ ግርጌ ቆማ።

ካላዋቲ ሳታንገራግር ቦርሳዋን ከፈተች። ከፎጣውና ከቅቅል ሙዙ ሥር እጇን ሰደደችና አንድ ባዶ ጠፍጣፋ ጠርሙስ አውጥታ ባሏ ጉልበት ላይ አኖረችው። የሩም ጠርሙስ ነበር፤ ያ የሸንኮራ አረቄ።

ዶክተሯ ጠርሙሱን አየች። ጃግሩፕ የጣሪያውን ማራገቢያ አየ። ማራገቢያው ከተበላሸ ቆይቷል፤ እሱ ግን የሚሽከረከር ይመስል ዓይኑን እያዞረ ተከተለው።

«እኔ እንኳ ጊንጡን ማለቴ ነበር» አለች ዶክተሯ።

«ጊንጡን?» ካላዋቲ ቦርሳዋን ዘጋች። «ትናንት ነርሷ ‹ለዚህ ያበቃውን ነገር ካገኙት ይዘው ይምጡ› አለችኝ። ፈለግኩ፣ አገኘሁ፣ ይዤ መጣሁ። የመኪናው ወንበር ሥር ነበር።»

«የድሮ ነው እሱ!» አለ ጃግሩፕ።

«የድሮ ከሆነ ምነው ሽታው የዛሬ ሆነ?»

«ሽታ እኮ... ሽታ ይቆያል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ዝም ብትል ይሻልሃል። ስትዋሽ ሆድህን ያምሃል።»

በዚህስ እውነቷን ነበር። ሲስቅ ያመዋል፣ ሲያስል ያመዋል፣ ሲዋሽ ደግሞ ሕመሙ ከእምብርቱ በላይ ተነስቶ እንደ ጦር ጀርባው ድረስ ያልፋል። ጃግሩፕ ከዚህ በፊት ስለዋሸ ብቻ አሞት አያውቅም፤ ቢሆንማ ኖሮ ገና በወጣትነቱ በሞተ።

ነርሷ ማለት የፈለገችው ግን ጊንጡን ነበር። በሞርን ካን፣ እንደ ደቡብ ትሪኒዳድ መንደር ሁሉ፣ እባብም ይሁን ጊንጥ ሰው ሲነድፍ ነዳፊውን ቀጥቅጦ ገድሎ፣ በጨው ዕቃ ከትቶ ሆስፒታል ይዞ መሄድ የቆየ ደንብ ነው። ሐኪሙ እንዲያውቀው ይባላል። እውነቱን ለመናገር ግን ነገሩ ሐኪሙ እንዲያደንቅልን ነው። ጃግሩፕ የጨው ዕቃ ሳይዝ ነበር የመጣው። የያዘው ያበጠ አውራ ጣትና የማያባራ ትውከት ብቻ ነበር።

ዶክተር ኳሚና ጠርሙሱን አንስታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው፤ እንደ ማስረጃም፣ እንደ አበባ ዕቃም።

«አጎት ጃግሩፕ፣ የታመመው ቆሽትዎ ነው» አለች፤ በአገሩ ደንብ ታላቅ ሰው ሁሉ «አጎት» ነው። «ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመች ትንሽ ሥጋ ናት። ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ታመነጫለች። ደህና ስትሆን ፈሳሹ ወደ አንጀት ይወርዳል። ስትቆጣ ግን ያንኑ ፈሳሽ ይዛ ራሷን መፍጨት ትጀምራለች።»

ጃግሩፕ አሰበበት። በገዛ ሆዱ ውስጥ ራሱን የሚበላ ሥጋ። በቤቱ ውስጥ ከእሱ የባሰ ሞኝ ያለ አይመስለውም ነበር።

«የእሱስ በመርፌ ይበርዳል» አለች ካላዋቲ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያረረው የኔ ቆሽት ነው።»

«እንድትቆጣ የሚያደርጓት በአገራችን በብዛት ሦስት ናቸው» ቀጠለች ዶክተሯ፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ። «የሐሞት ጠጠር አንድ። እሱን በምስል አየነው፤ የለብዎትም። የቀሩት አረቄና ጊንጥ ናቸው። የእኛ ጥቁር ጊንጥ መርዙ ቆሽትን አነሳስቶ ያስቆጣል። ይሄንን ነው የማጠናው። ለምን እዚህ መንደር ላይ እንደበዛ፣ ማን ላይ እንደሚጸና፣ እንዴት እንደምናስቀረው። ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ።»

«ምን ዶክተር?»

«ከሞርን ካን ታመው የመጡ ወንዶች በሙሉ ‹ጊንጥ ነው የነደፈኝ› ብለውኛል። አረቄ የሚጠጣ አንድም የለም። ከሴቶቹ ደግሞ አንዲትም የተነደፈች የለችም። ጓሮ የምትኮተኩተውም፣ ማገዶ የምትሰበስበውም ሴት ናት። ይሄ ጊንጥ ወንድ ብቻ ነው የሚነድፈው?»

ጃግሩፕ ማራገቢያውን መከተሉን ቀጠለ።

ነገሩ ግልጽ ነበር። ዶክተሯ በሽተኛውን የምትጠይቀው ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ነው። ሚስቱን አስወጥታ ስትጠይቅም መካከላቸው ያለው ግድግዳ ጨርቅ ነው። የትኛው የሞርን ካን ወንድ ነው፣ የሚስቱን ጫማ በመጋረጃው ሥር እያየ፣ «አዎ ዶክተር፣ ማታ ማታ እጠጣለሁ» የሚለው?

ይሄንን መንገድ የቀየሰው ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ራሱ ጃግሩፕ ነበር። ጎረቤቱ ኤልደን ከሁለት ዓመት በፊት ሆዱን ይዞ ሲወድቅና ሚስቱ ማቪስ «ምን ጠጥተህ ነው?» ብላ ስታፋጥጠው፣ ጃግሩፕ ከአጥሩ ማዶ «ጊንጥ ነው! በዓይኔ አይቻለሁ! ሸርጣን ያክላል!» ብሎ ጮኸ። ጓደኛ ለማዳን ነበር። ኤልደን ዳነ፤ ማቪስ እንደ ንጉሥ ልጅ አስታመመችው፤ የኮኮናት ውሃ በቀሰም አጠጣችው። ይሄን ያየ የመንደሩ ወንድ ሁሉ፣ ከዚያ ወዲህ በታመመ ቁጥር ጊንጥ ነደፈው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የጃግሩፕ ውሸት ግን እያደር ክብደት ጨመረና መጨረሻ ላይ ራሱ ላይ ወደቀ።

ምክንያቱም እሱን በእውነት ጊንጥ ነድፎታል።

በዚህ መንደር ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ወንድ እውነት ተናገረ፤ የሚያምነው ጠፋ። እውነቱ ላይ ደግሞ ትንሽ ጅራት ነበረበት። ጊንጡ የነደፈው ከጓሮ ባለው ጎጆ ውስጥ፣ የኮኮናት ልጣጭ ክምር ውስጥ እጁን ሰድዶ ሳለ ነው። እጁን የሰደደው የደበቀውን አረቄ ሊያወጣ ነው። ስለዚህ ጊንጡን ለማስመስከር ጠርሙሱን ማስያዝ ሊኖርበት ነው። ከዚህ የተሻለ ወጥመድ ጠላቱም አላጠመደለትም፤ ራሱ ሠርቶ ራሱ ገባበት።

ዕድሜውን ሸንኮራ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ሸንኮራውን በአገዳው ማግኘት ስላቃተው በፈሳሹ ተከታተለው። አምና ካላዋቲ ጾማ፣ የሂንዱ ካህን ጠርታ፣ ጸሎት አስደርሳ ነበር። ጃግሩፕም ከዘመድ አዝማድ ፊት አረቄ እርም ብሎ ማለና ለአምላካቸው ለሃኑማን የስለት ቀዩን ባንዲራ በቀርከሃ አድርጎ በር ላይ ተከለ። ባንዲራው እስካሁን አለ። መሐላው ግን እስከዚያው ሳምንት መጨረሻ እንኳ አልዘለቀም።

«ስማኝ» አለችው ካላዋቲ፣ ዶክተሯ ወደ ሌላ አልጋ ስታልፍ። ድምጿ አልጮኸም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነበር። «ጊንጥ ከሆነ አስታምምሃለሁ። ሾርባህን በእጄ አጎርስሃለሁ። አረቄ ከሆነ ግን ልጃችን ዘንድ ቻጓናስ ከተማ እሄዳለሁ። ባንዲራውንም ነቅዬ እሄዳለሁ። እኔ ላንተ ጾሜ፣ አንተ በእኔ ስትሳለቅ አብሬህ አላረጅም።»

«ጊንጥ ነው አልኩሽ እኮ!»

«የኤልደንም ጊንጥ ነበር። አንተ ነህ የመሰከርክለት።»

ጃግሩፕ እኮ ያለ ካላዋቲ ሩዝና ድንጋይ ለይቶ መቀቀል የማይችል ሰው ነው። ሩዙስ ይቅር፤ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚያወራው ሁሉ እሷ «ውሸትህን ነው» እንድትለው ነበር። እሷ ከሌለች ለማን ይዋሻል?

ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ ዶክተር ኳሚና መንደር መጣች። ረጅም መቆንጠጫ፣ ክዳን ያለው የብርጭቆ ዕቃና ሐምራዊ ብርሃን የሚተፋ ባትሪ ይዛ ነበር። ጊንጥ በዚያ ብርሃን ሲታይ በጨለማ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል አለች። የተነደፉት ሁሉ የተነደፉበትን ቦታ ያሳዩዋት፤ ጊንጥ በየት በየት እንደሚኖር ከታወቀ መከላከል ይቻላል።

የመንደሩ ሴቶች ይሄንን ሲሰሙ እራታቸውን በጊዜ አብስለው ወጡ። እንዲህ ያለ ምርምር ከዚህ በፊት ወደ ሞርን ካን መጥቶ አያውቅም።

መጀመሪያ ኤልደን ተጠራ። ደንገዝገዝ ሲል የዳቦ ፍሬ ዛፉ ሥር ወስዶ «እዚህ ነው» አላት፤ ፊቱ ግን የቀብር ቦታውን የሚያሳይ ሰው ፊት ነበር። ዶክተሯ ሥሩን፣ ግንዱን፣ የደረቀውን ቅጠል በባትሪው ዳሰሰችው። አንድም ነገር አላበራም።

«የት ሄደ ይሆን?» አለች ማቪስ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «አረቄ ቤት ወርዶ ይሆን?»

«ሁለት ዓመት ሆኖታል እኮ፣ ማቪስ! ጊንጥም ቤት ይቀይራል!»

«አንተስ መቼ ነው የምትቀይረው?»

ሌላው ከሽንት ቤቱ አጠገብ አለ፤ ባዶ። ሌላው የፍየሎቹ በረት አለ፤ ፍየሎቹ ብቻ ነበሩ። ከየቤቱ ሲወጡ የሴቶቹ ሳቅ ይጨምራል፣ የወንዶቹ ቁጥር ይቀንሳል። የጃግሩፕ በር ሲደርሱ ከወንድ የቀረው ኤልደን ብቻ ነበር፤ እሱም ማቪስ ክንዱን ስለያዘችው ነው።

ካላዋቲ ሻንጣዋን በረንዳው ላይ አውጥታለች። ጃግሩፕ አየው። ሰማያዊ ሻንጣ ነው፤ ልጃቸው ስትወልድ ይዛው የሄደችው።

«የት ነው አጎቴ?» አለች ዶክተሯ።

«የውሃ በርሜሉ ጋ» አለ ጃግሩፕ። አፉ ነው ያለው፤ እሱ አልጠየቀውም።

የውሃ በርሜሉን ዞሩት። ብርሃኑ በቆርቆሮው፣ በጭቃው፣ በእንቁራሪቷ ላይ አለፈ። እንቁራሪቷ ተናደደች እንጂ አላበራችም። ካላዋቲ ወደ በረንዳው ወጥታ የሻንጣውን ዚፕ እስከ ጥግ ሳበችው።

ዶክተር ኳሚና ባትሪውን አጥፍታ ጠጋ አለችው።

«አጎቴ፣ እኔ ፖሊስ አይደለሁም። ካህንም አይደለሁም» አለች ዝግ ብላ። «ሁለት ዓመት ስደክም የሰበሰብኩት ውሸት ብቻ ነው። ይሄንን ይዤ ‹በሽታው ከጊንጥ ነው› ብል፣ ለመንደሩ ቦት ጫማና ጓንት ይሰጡልኛል። አረቄ ከሆነ ግን ቦት ጫማ ቆሽት አያድንም። እናንተ ቦት ጫማ አድርጋችሁ ትሞታላችሁ። የእርስዎ ዘንድሮ በርዶልዎታል። ሁለተኛ ከመጣ መመለስዎን አላውቅም። አሁን ይንገሩኝ፤ እጅዎ የት ነበር?»

ጃግሩፕ ሻንጣውን አየ፣ ጎጆውን አየ። ዝም ቢል ሚስቱ ትሄዳለች። ቢናገርም ትሄዳለች። ወዲህም እሳት፣ ወዲያም እሳት። አንድ ነገር ግን ተረዳ፦ እሱ ዝም ብሎ እሷ ከሄደች፣ ውሸታም ብላው ነው የምትሄደው፣ ያውም እውነቱን በተናገረበት በአንዱ ቀን። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኛትን እውነት ሳያስቆጥር መቅረት አቃተው። ጀግንነት አልነበረም፤ እልኸኝነት ነው።

«ጎጆው ውስጥ ነው» አለ። «የኮኮናት ልጣጩ ክምር ውስጥ።»

ሴቶቹ ወደ ጎጆው ዞሩ።

«ልጣጭ ክምር ውስጥ?» አለች ካላዋቲ ከበረንዳው። «እሳት የማነድ እኔ፣ ልጣጭ የማመላልስ እኔ። አንተ እዚያ ውስጥ ምን ጥለህ?»

ጃግሩፕ ቀድሞ ሄዶ የጎጆውን በር ከፈተ። ዶክተሯ ገባች፣ ካላዋቲ ገባች፣ እሱም ከኋላቸው ገብቶ በሩን ዘጋ። ጨለማው እንደ ከረጢት ሸፈናቸው። ዶክተሯ በመቆንጠጫው ልጣጩን አንድ በአንድ እያነሳች ባትሪውን አበራች።

ሦስተኛው ልጣጭ ሥር አረንጓዴ ነገር ተንቀሳቀሰ። ጅራቱን ቀስሮ፣ ክንዶቹን ዘርግቶ፣ ልክ እንደተጠራ ሰው ብቅ አለ። ሸርጣን አያክልም፤ የሰው ጣት ቢያክል ነው። ግን ያበራ ነበር።

«ኦ!» አለች ዶክተሯ፣ የጠፋ ልጇን እንዳገኘች። «ኦ፣ እንዴት ታምሪያለሽ!»

«ይኸው!» ጮኸ ጃግሩፕ። ሆዱን አመመው፤ አልቻለም፣ ደግሞ ጮኸ። «ይኸው! አላልኩሽም? ካላዋቲ፣ ጊንጥ! እውነተኛ ጊንጥ! እንዲያውም ሴት ናት! አየሽ? ዓይንሽ አየ?»

«አየሁ» አለች ካላዋቲ። በጨለማው ውስጥ ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ለስለስ አለ። «ውይ፣ አንተ ሰውዬ... እውነትህን ነበር?»

ለአንድ አፍታ ጃግሩፕ በዓለም ላይ ከእሱ የበለጠ ንጹሕ ሰው አልነበረም። በዚያች አፍታ ቢሞት ደስ ባለው።

ዶክተሯ ጊንጧን በወገቧ ቆንጥጣ ብርጭቆው ውስጥ ከተተችና ክዳኑን ገጠመች። ከዚያ፣ ሌላ ካለ ብላ፣ ብርሃኑን ወደ ውስጥ መለሰችው። ከክምሩ ሥር አንድ ነገር ቦግ አለ። አረንጓዴ አልነበረም። ሰማያዊ ነጭ፣ አራት ማዕዘን፣ ከጊንጧ በአሥር እጥፍ የሚያበራ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ዶክተሯ ተደንቃ። «እንዲህ ያለ ጊንጥ አላውቅም።»

«እኔ አውቀዋለሁ» አለች ካላዋቲ።

የአረቄው ጠርሙስ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነበር። ነጭ ወረቀት በዚያ ብርሃን እንደሚያበራ ጃግሩፕ በምን ይወቅ? እንደሱ ላሉ ሰዎች ሳይንስ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ዘግይቶ ነው የሚነገራቸው። ካላዋቲ ልጣጩን በእንጨት ገፍታ ጠርሙሱን አወጣችው። ገሚሱ ገና አለ።

በሩ ሲከፈት ሴቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ነበር። መጀመሪያ ብርጭቆው ወጣ፤ «ውይይ!» አሉ። ቀጥሎ ጠርሙሱ ወጣ፤ ምንም አላሉም። መጨረሻ ጃግሩፕ ወጣ።

«ማታ ማታ ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ለዶክተሯ። አንዴ ከተከፈተ ወዲያ አፉ አልዘጋ አለው። «ከእራት በፊት። አንዳንዴ ከእራት በኋላም። ባንዲራው ከመተከሉ በፊትም፣ ከተተከለ በኋላም። የመኪናውም የድሮ አይደለም። የኤልደንንም ጊንጥ አላየሁም።»

«ወንድሜ!» አለ ኤልደን።

«አንተ ዝም በል» አለችው ማቪስ። «ያንተን ቤት ገብተን እናወራዋለን።»

«ታዲያ የቱ ነው ዶክተር?» አለ ጃግሩፕ። «ያሳመመኝ ጊንጧ ናት ወይስ አረቄው?»

ዶክተር ኳሚና ብርጭቆውን ወደ በረንዳው መብራት አነሳችው።

«ጊንጧ ብቻዋን ትበቃ ይሆናል። ወይም አረቄው እንጨቱን ሲደረድር ኖሮ፣ እሷ ክብሪቱን ጫረች። ይሄንን ነው ማወቅ የምፈልገው፤ እስከ ዛሬ ግን እውነቱን የነገረኝ ስላልነበረ ማንን ከማን ላወዳድር? እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት።» ከዚያ ኮስተር አለች። «የሚያድንዎትን ግን አውቃለሁ። አረቄ አንድ ጠብታ አይቀምሱም፤ ለበዓልም፣ ለቀብርም። ልጣጩ ከቤቱ ይራቅ፤ እጅዎም ያለ ጓንት እዚያ አይግባ።»

«እጁ እዚያ የሚገባበት ምክንያት የለውም» አለች ካላዋቲ፣ እና ጠርሙሱን ዘቅዝቃ ለኮኮናቱ ዛፍ አጠጣችው። ጃግሩፕ ሲንዶቀዶቅ ሰማው። አላዘነም ቢባል ውሸት ነው፤ ዛሬ ደግሞ በቂ ውሸት ተይዞበታል።

ሴቶቹ ወንዶቻቸውን ሊጠይቁ በየቤታቸው ተበተኑ። ዶክተሯ ብርጭቆውን በረንዳው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ እጇን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ዞረች። ጊንጧ በብርጭቆው ውስጥ ዞር ዞር ትላለች። ሻንጣው እዚያው ነው። ካላዋቲ ሻንጣው ላይ ተቀመጠች።

ጃግሩፕ ደረጃው ላይ፣ ከእሷ ዝቅ ብሎ፣ ሆዱን አቅፎ ተቀመጠ።

«ጊንጥ ከሆነ አስታምምሃለሁ ብለሽኝ ነበር» አለ።

«ብዬ ነበር።»

«ጊንጥ ናት።»

«አረቄ ከሆነ እሄዳለሁ ብዬም ነበር። አረቄም ነው።»

«አሁን ግን ተናዘዝኩ እኮ። ሰው ሁሉ ፊት። ከዚህ በኋላ የምደብቅበት ቦታም የለኝ፤ ያ ባትሪ ሁሉን ያሳያል። ካላዋቲ፣ እውነቴን ነው፣ አልጠጣም።» ከዚያም፣ ድምጹ ሳያስበው ሰለለ። «ትሄጃለሽ?»

ካላዋቲ ወደ ብርጭቆው ጎንበስ ብላ ጊንጧን ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ ባሏን አየችው። ከዚያ ደግሞ ጊንጧን።

«ከሁለታችሁ አንዳችሁ ከዚህ ቤት ትወጣላችሁ» አለች። «እሷ ቢያንስ ዋሽታኝ አታውቅም።»